የኢድ አልፈጥር በዓል አከባበር በኮልፌ፤ ነጋዴውም ሊያውቀው ስለሚገባው ሒሳብ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ ከመርካቶ ወዲያ በተዘረጋው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሱቅ የከፈተ ሰው፥ ሃይማኖቱ የትኛውም ቢሆን፥ በዓመት አንድ ወር ሙሉ የገበያውን ሰዓት፥ የሸማቹን ፍላጎትና የሠራተኛውን ውሎ የሚለውጥ ጾም እንደሚመጣ፥ በጾሙም መጨረሻ ታላቅ በዓል እንደሚከተል ያውቃል። ጾሙ ረመዳን፥ በዓሉም ኢድ አልፈጥር ነው። ይሁን እንጂ በዓሉ ስለ ምን በየዓመቱ ቀኑን እንደሚለውጥ፥ ከዋዜማውም በፊት በሙስሊሙ ቤትና በሙስሊሙ ነጋዴ መዝገብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አጣርቶ የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ስለዚህም ዕቃው በዓሉ ካለፈ በኋላ ከጉምሩክ የሚወጣለት አስመጪ፥ በዋዜማው ምሽትም ለደንበኛው የሚሰፍረው ስንዴ የሚያልቅበት ባለ ሱቅ በየዓመቱ አይታጣም።

የእስልምና ዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ነው። ወሩ የሚገባው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ሲሆን፥ 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል እንጂ ከዚህ አያንስም፥ አይበልጥምም። አሥራ ሁለቱ ወር ሲደመር ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ይሆናል። የኢትዮጵያ ዓመት ግን በፀሐይ የሚቆጠርና 365፥ በየአራት ዓመቱም 366 ቀን ያለው ስለሆነ፥ የኢድ በዓል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። በዓሉ በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን፥ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 13 ቀን፥ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 2 ቀን፥ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 21 ቀን ውሏል። በእነዚህ ዓመታት ልዩነቱ ሳይዛነፍ 11 ቀን ነበረ፤ በሌላ ጊዜ ግን 10 ወይም 12 ቀን ሊሆን ይችላል። ስሌቱን ወደ ፊት የሚቀጥል ሰው በዓሉ በ2024 ዓ.ም. ግድም ወደ ገናና ጥምቀት ሰሞን እንደሚደርስ፥ በ32 ወይም በ33 ዓመትም ዞሮ ወደ ነበረበት ወር እንደሚመለስ ያገኛል።

ከዚህ የተነሣ በዓሉ በየዓመቱ ከሌላ ወቅትና ከሌላ በዓል ጋር ይገናኛል። በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 16 ቀን ውሎ ኢድ በ8ኛው ቀን ተከተለው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ሲውል በመካከላቸው የነበረው 5 ቀን ብቻ ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት በግ የሚገዛው፥ ቅቤ የሚያነጥረው፥ ለልጁ ልብስ የሚፈልገው ክርስቲያንም ሙስሊምም በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ገበያ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተለወጠ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፥ መጋቢት 2 ቀን ገቡ፤ ኢድ ሚያዝያ 2 ቀን ሲውል ክርስቲያኑ ገና በጾም ላይ ነበር፥ ፋሲካም እስከ ሚያዝያ 27 ቀን አልደረሰም። የ2014ቱን የገበያ ልምድ ይዞ በ2016 ዓ.ም. ቅቤና በግ በብዛት ያከማቸ ሰው ከደንበኞቹ እኩሌታ የሚሆኑት ጾመኞች ሆነው እንደሚያገኛቸው ግልጽ ነው።

ለአስመጪው ከሁሉ የከፋው ስሕተት «ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ደርሶ ተሸጧል» ብሎ በዚያው ቀን እንዲደርስ ማዘዝ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 11 ቀን ይዘገያል፤ በዚያው ልማድ ሦስት ዓመት ቢቀጥል ወር ሙሉ ይዘገያል፤ ማለት ጾሙ ሲገባ ለመሸጥ የታሰበው ተምር ጾሙ ሲወጣ መጋዘን ይደርሳል። ተምር ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ አይደለም፤ ነገር ግን ሙስሊሙ ጾሙን በተምር የሚፈታው የነቢዩ ሱና ስለሆነ፥ በዚያ አንድ ወር የሚሸጠውን ያህል በሌላው ወር አይሸጥም። የልጆች ልብስ፥ የወንዶች ጀለቢያና ቆብ፥ የሴቶች ሂጃብ፥ ሽቱና ሂናም እንደዚሁ ናቸው። የበዓሉ ዋዜማ ካመለጣቸው የሚጠብቁት ዓረፋን ነው፤ ዓረፋም ከኢድ አልፈጥር በኋላ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ያህል ይርቃል፤ ገንዘቡ በባንክ ብድር የተገኘ ከሆነ ወለዱ አብሮ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በትእዛዝ መዝገቡ ላይ ከኢትዮጵያው ቀን አጠገብ የእስልምናውን ወር ስም መጻፍና፥ ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሲገባ ዕቃው መጋዘን የገባ እንዲሆን አድርጎ ወደ ኋላ መቁጠር ይበቃል። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ቀለም ከአንድ ቀን የመጋዘን ኪራይ ያንሳል።

የረመዳን ወር በኮልፌ ከሌላው ወር የሚለየው በቀን ሳይሆን በማታ ነው። ጾመኛው ከንጋት በፊት ሱሑር የሚባለውን ምግብ በልቶ ይነሣል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም ምግብም ውኃም አይቀምስም። ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ከ18 ማዞሪያ እስከ አጠና ተራ፥ በየመስጊዱም ደጃፍ፥ ሳምቡሳ የሚጠብሱ ሴቶች ምድጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ተምር በኪሎ ይመዘናል፤ በስኳር የተነከረው ሙሸበክ በትሪ ላይ ይቆለላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም አዛን ሲሰማ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ጭር ይላል። ሰው አፍጥሮ፥ የመግሪብንና የዒሻን ሶላት ሰግዶ፥ ተራዊሕ የሚባለውን የሌሊት ሶላት ከፈጸመ በኋላ ግን ገበያው እንደገና ይነሣል። በተለይ በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች በእፎይታና በመርካቶ የልብስ ሱቆች የሚሸጠው አብዛኛው በመብራት ነው። በዚህ ወር በተለመደው ሰዓት የሚዘጋ የልብስ ሱቅ የወሩን ትርፍ ለጎረቤቱ ትቶለት እንደሄደ መቁጠር ይገባዋል። በአንጻሩ የሚጾም ሠራተኛን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከባድ ጭነት ማሸከም ለሥራውም ለሰውየውም አይበጅም፤ ከባዱን ሥራ ወደ ጧት ማዞር ይቻላል።

ሌላው ዓይን የማያየው ሥራ በነጋዴው መዝገብ ውስጥ የሚሠራው ነው። ዘካ ከእስልምና አምስት መሠረቶች አንዱ ሲሆን፥ ነጋዴ ለንግድ ያስቀመጠው ሀብት የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ከአርባ አንድ እጅ፥ ማለት ከመቶ ሁለት ተኩል አውጥቶ ለተወሰኑት ተቀባዮች የሚሰጠው ግዴታ ነው። በረመዳን መውጣት አለበት የሚል ሕግ የለም፤ ነገር ግን በዚህ ወር የሚሠራ በጎ ሥራ ምንዳው ብዙ ነው ስለሚባል አብዛኛው ነጋዴ ዓመቱን በረመዳን ይዘጋል። ስለዚህ ረመዳን ለሙስሊሙ ነጋዴ የዕቃ ቆጠራ ወርም ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። በሱቁና በመጋዘኑ ያለው የሚሸጥ ዕቃ የተገዛበት ዋጋ ሳይሆን በቆጠራው ቀን የሚያወጣው ዋጋ ይጻፋል። በእጅና በባንክ ያለው ገንዘብ፥ እንደሚከፈልም የሚታመንበት ዱቤ ይደመርበታል፤ መክፈያው የደረሰ ዕዳ ይቀነስለታል። መደርደሪያው፥ ሚዛኑ፥ ጭነት የሚያመላልሰው መኪናና ሱቁ ራሱ ለሽያጭ የቀረቡ ስላልሆኑ አይቆጠሩም። ለምሳሌ አንድ ባለ ሱቅ 600,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ፥ 90,000 ብር ጥሬ ገንዘብና 50,000 ብር አስተማማኝ ዱቤ ቢኖረው፥ ለጅምላ ነጋዴም 140,000 ብር ዕዳ ቢኖርበት፥ ቀሪው 600,000 ብር ነው፤ ዘካውም 15,000 ብር ይሆናል። ጠቅላላው ሀብት ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ በታች ከሆነ ግን ግዴታው አይደርስበትም። ስለ ዕዳና ስለ ዱቤ በሊቃውንቱ መካከል የአሳብ ልዩነት ስላለ፥ ሒሳቡ የተወሳሰበበት ሰው የሚያምነውን ዓሊም መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ ጅምላ ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሙስሊሙ ቸርቻሪ በዚህ ወር ዕዳውን ለይቶ ለማወቅ የሒሳብ መግለጫ ሲጠይቅ ጥያቄውን እንደ ጥርጣሬ መቁጠር አይገባም፤ እንዲያውም ሁለቱ መዝገቦች የሚተያዩበት መልካም አጋጣሚ ነው፤ ለወራት ተኝቶ የነበረ የዱቤ ልዩነትም በዚሁ ጊዜ ተገኝቶ ሊስተካከል ይችላል።

ከዚህ የተለየው፥ ከበዓሉም ጋር በቀጥታ የተያያዘው ዘካተል ፊጥር ነው። ይህ የሀብታም ግዴታ ብቻ አይደለም፤ የበዓሉን ቀንና ሌሊት ቀለብ ሸፍኖ የሚተርፈው ሰው ሁሉ ያወጣዋል። የቤቱ አባወራ ለራሱ፥ ለሚስቱ፥ ለልጆቹና ለሚያስተዳድራቸው ሁሉ፥ በዚያች ሌሊት በሕይወት ላለ ጨቅላ ሕፃን እንኳ ሳይቀር፥ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ እህል ይሰጣል። ሷዕ በመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ አራት እፍኝ ሲሆን፥ በኪሎ ሲመዘን እንደ እህሉ ዓይነት ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ያህል ይመጣል። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት እንግዲህ ከ17 ኪሎ ተኩል እስከ 21 ኪሎ ያወጣል ማለት ነው። እህሉ የአገሩ ሰው የሚመገበው መሆን አለበት፤ በአዲስ አበባ ጤፍ፥ ስንዴ፥ በቆሎ፥ ሩዝ ይሰጣል። በኢትዮጵያ የሻፊዒ፥ የሐነፊና የማሊኪ መዝሀብ ተከታዮች አሉ። ሻፊዒዎች እህሉ ራሱ እንዲሰጥ ሲያዝዙ፥ ሐነፊዎች ዋጋውን በገንዘብ መስጠትን ይፈቅዳሉ፤ ይህም ድኻው እህል ሳይሆን ለልጁ ጫማ ቢያስፈልገው እንዲገዛበት ነው ይላሉ።

የዚህ ስጦታ ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ከኢድ ሶላት በፊት ከድኻው እጅ መግባት አለበት፤ ከሶላቱ በኋላ ቢሰጥ እንደ ማንኛውም ምጽዋት ይቆጠራል እንጂ ዘካተል ፊጥር አይሆንም። ምክንያቱም ዓላማው በበዓሉ ቀን ማንም ለልመና እንዳይወጣ ነው። ስለሆነም የጾሙ የመጨረሻ ሁለትና ሦስት ቀን፥ ከሁሉም በላይ የመጨረሻዋ ሌሊት፥ በኮልፌ እህል ቤቶች ፊት ሰው የሚጨናነቅባት ናት። ሁለትና ሦስት ኩንታል ስንዴ ተጨማሪ ማስቀመጥ፥ አንድ ሠራተኛ ለሚዛኑ ብቻ መመደብ፥ በሦስት ኪሎ በሦስት ኪሎ አስቀድሞ መዝኖ በከረጢት ማሰር ለባለ ሱቁ ድካም አይደለም። ሚዛኑ የተስተካከለ፥ እህሉም የተነፋ መሆኑ ግን ከሌላው ቀን ይልቅ በዚህ ቀን ያስፈልጋል። አባወራው ሦስት ኪሎ ብሎ የገዛው ሁለት ኪሎ ከሩብ ሆኖ ቢገኝ ግዴታው ሳይሞላ ይቀርበታል፤ እርሱም ሳያውቀው፥ ተቀባዩም ሳይናገረው ያልፋል፤ የሚያውቀው ባለ ሚዛኑ ብቻ ነው።

ዋዜማውን ማንም አስቀድሞ በእርግጥ ሊወስነው አይችልም። በረመዳን 29ኛ ቀን ምሽት አዲስ ጨረቃ ከታየች ማግሥቱ ኢድ ይሆናል፤ ካልታየች ጾሙ 30 ይሞላል። በ2015ና በ2017 ዓ.ም. ጾሙ 29 ቀን ሆኖ ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን 30 ሞላ። ውሳኔውን የሚያስታውቀው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሲሆን፥ ዜናው የሚሰማው በዚያው ምሽት ነው። ባለ ሱቁ ስለዚህ በ29ኛው ምሽት ዋዜማ እንደሆነ አድርጎ መዘጋጀት ይገባዋል፤ ጨረቃዋ ሳትታይ ብትቀር አንድ የገበያ ቀን ተጨመረለት እንጂ የሚጎዳው ነገር የለም። ቀጣሪም የሠራተኛውን ደመወዝ ለ30ኛው ቀን ቢያቆየው፥ ጾሙ በ29 የወጣ እንደሆነ ሠራተኛው ለልጆቹ ልብስ ሳይገዛ በዓሉ ይደርስበታል። ደመወዝን ሦስት ቀን ቀድሞ መክፈል ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ጨረቃዋ ከታየች ጀምሮ ተክቢራ፥ ማለት «አላሁ አክበር» እያሉ አምላክን ማላቅ ይሰማል። በበዓሉ ጧት ሰው ገላውን ታጥቦ፥ ሽቱ ተቀብቶ፥ ያለውን አዲስ ወይም ንጹሕ ልብስ ለብሶ፥ ጾሙ ማብቃቱን ለማሳየት ጥቂት ተምር ቀምሶ ይወጣል። የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለብዙ ዘመን በአንድነት ሲሰግዱ የኖሩት በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ሜዳው ስለማይበቃ በዙሪያው ያሉት ጎዳናዎች በመስገጃ ይሸፈናሉ። ከኮልፌ የሚነሣው ሕዝብ ገና ሳይነጋ አባት ልጆቹን እየመራ፥ እናቶች መስገጃቸውን በክንዳቸው ይዘው፥ በጦር ኃይሎችና በልደታ አድርገው ወደ ሜክሲኮና ወደ ስታዲየም ይጎርፋሉ። ሶላቱ ሁለት ረከዓ ነው፤ አዛን አይደረግለትም፤ እንደ ጁምዓ ሳይሆን ኹጥባው የሚሰማው ከሶላቱ በኋላ ነው። ሲመለሱ በሄዱበት መንገድ አለመመለስ ሱና ስለሆነ ሕዝቡ በሌላ ጎዳና ይመለሳል፤ ስለዚህ ከተማውን የሚያቋርጡት ዋና ዋና መንገዶች ረፋድ እስኪሆን ድረስ ለጭነት መኪና አይመቹም። በዚያ ጧት ዕቃ ለማድረስ ቃል የሚገባ ነጋዴ ቃሉን ያፈርሳል።

ከሶላት መልስ ቤቱ ዕጣን ይታጠናል፥ ቡና ይፈላል። በኮልፌ የስልጤና የጉራጌ ተወላጆች ብዙ ስለሆኑ በብዙ ቤት ክትፎና ቆጮ ይቀርባል፤ በሌላው ቤት ዶሮ ወጥ ወይም ሥጋ ያለበት ሩዝ ይሆናል። ታላቅ ወንድምና አክስት ይጠየቃሉ፤ የታመመ ይጎበኛል፤ ተጣልተው የቆዩ ሰዎችም በሽማግሌ ይታረቃሉ። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ «ኢድ ሙባረክ» ሲሉ ከትልልቆቹ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ያም ገንዘብ ከሰዓት በኋላ በከረሜላና በለስላሳ መጠጥ መሸጫዎች ተመልሶ ይታያል። ትንሹ ባለ ሱቅ በዚያ ቀን ዝርዝር ብር አጥቶ መቆም የለበትም።

ጎረቤትም አይረሳም። ክርስቲያንና ሙስሊም በኢትዮጵያ አንዱ የሌላውን ዕርድ ስለማይበላ፥ ሙስሊሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ቡና፥ ዳቦ፥ ጣፋጭና ለስላሳ ያቀርባል፤ ወይም ክርስቲያን ጠርቶ ለእንግዶቹ ያሳርድላቸዋል። በዐቢይ ጾም ጊዜ ሲሆን ደግሞ የጾም ወጥ ለብቻ ይሠራል። በኮልፌ ጎዳና ላይ አንዱ መስቀል፥ ሌላው ጨረቃ የተሣለባቸው ሁለት ሥጋ ቤቶች ጎን ለጎን የሚታዩትም ስለዚሁ ነው። በ2016ና በ2017 ዓ.ም. የኢድ ሰሞን መስቀል ያለበት ሥጋ ቤት በጾሙ ምክንያት ሲያርፍ ጨረቃ ያለበት ይሸጥ ነበር።

በዓሉ የሥራ መዝጊያ ቀን የሆነው ከብዙ ዘመን ጀምሮ አይደለም። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሙስሊሙ ነጋዴ ኢድን የሚያከብረው ሱቁን በራሱ ፈቃድ ዘግቶ ነበር፤ ባንኩ፥ ጉምሩኩና ፍርድ ቤቱ ግን ክፍት ነበሩ፤ የክፍያው ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮው በበዓሉ ቀን የዋለበት ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፥ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው፥ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ፤ ከጥያቄዎቻቸውም አንዱ የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓላት ይሁኑ የሚል ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በደርግ ዘመን ኢድ አልፈጥር፥ ኢድ አልአድሐና መውሊድ በሕዝብ በዓልነት ታወቁ። ዛሬ በበዓሉ ቀን ሠራተኛን የሚያሠራ ድርጅት በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት የሰዓቱን ደመወዝ በሁለት አባዝቶ ይከፍላል።

በኢትዮጵያ ዕረፍቱ አንድ ቀን ብቻ ነው። ወደ ሳውዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ሥጋ፥ ቡና ወይም የቁም እንስሳ የሚልክ ነጋዴ ግን በዚያ አገር መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ለብዙ ቀናት እንደሚዘጉ ማሰብ አለበት። የሰነድ ማቅረቢያው ቀን በዚያ ሳምንት የወደቀበት ላኪ አስቀድሞ ካላስተካከለ፥ ጭነቱ ደርሶ ገንዘቡ ሳይደርስ ሊቆይ ይችላል። የበግና የፍየል ሥጋ በእነዚያ አገሮች የሚፈለገው ከኢድ ቀን ይልቅ በረመዳን ወር ውስጥ ነው፤ የቁም እንስሳ ግን በዓረፋ ጊዜ ለዕርድ ስለሚሆን ሁለቱን ገበያ መቀላቀል አይገባም።

በአገር ውስጥም ዓረፋ ከኢድ አልፈጥር በአንድ ነገር ይለያል። ኢድ አልፈጥርን የኮልፌ ሰው በአብዛኛው እዚያው ኮልፌ ያከብረዋል። ለዓረፋ ግን የስልጤና የጉራጌ ሙስሊሞች ወላጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አገራቸው ስለሚሄዱ፥ የሱቅ ሠራተኛው የብዙ ቀን ፈቃድ የሚጠይቀው፥ ለእናት ነጠላና ለአባት ጋቢ፥ ለቤቱም ብርድ ልብስ የሚገዛው በዚያን ጊዜ ነው፤ በኢድ አልፈጥር ያልተሸጠ የጎልማሳ ልብስና ብርድ ልብስ ያለው ነጋዴም ዋጋ ሳይቀንስ እስከዚያ ቢያቆየው ይሻለዋል።